የዐቃቤ ችግኝ ሣህሌ የሃያ ደቂቃ ሚኒስትርነት

ዛፍን ያለ ኮሚቴ የሚያበቅል፣ ዝናብን ያለ ስብሰባ የሚያወርድ አምላክ ስሙ ይመስገን። ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰባ ሦስት ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ አብዮት በነገሠ በሰባተኛው፣ ታላቁ ሣህሌ በአሰላ የችግኝ ጣቢያ በር ላይ ዱላ ይዘው በተሾሙ በአሥራ ዘጠነኛው፣ የቦት ጫማቸው አፍንጫ ተቀዶ የቀኝ አውራ ጣታቸው አገር ማየት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ በወርኃ ሐምሌ፣ የጭላሎ ተራራ ጉሙን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፊቱን ባላሳየበት ሰሞን፣ ይህ የምጽፈው ነገር ሆነ።

የምጽፈው እኔ ጸሐፌ ቃለ ጉባኤ ኃይለየሱስ ነኝ፤ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ጉባኤ ቃና መቁጠር ስጀምር ውሻና ቁንጫ አስመርረውኝ ወደ አሰላ የተመለስሁ፣ በኋላም የእጅ ጽሕፈቴ ስላማረ ብቻ በየኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ የኖርሁ። ሊቃነ መናብርት ቃለ ጉባኤህ ረዘመ እያሉ ሲገሥጹኝ ኖረዋል፤ እኔ ግን ንጉሥ የዘመተበት ተጽፎ ዘበኛ የዘመተበት የማይጻፍበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልታየኝም። ስለዚህ በዚህ ዜና ውስጥ ሣህሌን እርሳቸው እላለሁ፣ ሊቀ መንበሩን ግን እርሱ እላለሁ፤ ቅር ያለው የራሱን ይጻፍ።

ሣህሌም አያታቸው ከሸዋ ደጋ ከሠራዊት ጋር መጥተው በጭላሎ ሥር ገብስ ዘርተው የቀሩ፣ አባታቸው በበቆጂ መንገድ በቅሎ የነዱ፣ እርሳቸው ደግሞ ዐቃቤ ችግኝ፣ መዋዔ አጣሊ፣ ማለት ፍየልን ሁሉ ድል የሚነሡ፣ ሰዳዴ አእዱግ፣ ማለት አህያን ሁሉ ከአጥር የሚያባርሩ፣ በቁመት የጎደለባቸውን በወርድ የተካሱ፣ ከሰው ጋር ሲነጋገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ከችግኝ ጋር ሲነጋገሩ ግን አጥር ማዶ የሚሰማ ሰው ነበሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሥራ የቀሩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እርሱም የገዛ ሠርጋቸው ቀን ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ገብተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተሻለች ይህን ነገር እስከ ዛሬ ያነሡባቸዋል።

ከከተማው በላይ ቱሉ ቢርቢርሳ የምትባል ኮረብታ አለች፤ በአገሬው ቋንቋ የዝግባ ኮረብታ ማለት ነው። ስሟ ሲወጣላት ዝግባው ብዙ ነበር፤ በኋላ መጋዝ መጣ፣ ከመጋዝ ኋላ ማረሻ መጣ፣ ከማረሻ ኋላ ዘመቻ መጣ፣ በመጨረሻም ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋት አንዲት ዝግባ ብቻ ቀረች። በሥሯም አዴ ራቢያ የሚባሉ እናት በየገበያው ቀን የወተት ቅላቸውን ደርድረው ሠላሳ ዓመት ተቀምጠዋል። በአሰላ ችግኝ ጣቢያ የበቀለ የዝግባ ችግኝ ሁሉ እናቱ ይህች ዛፍ ናት፤ ፍሬዋ በረገፈ ጊዜ ሣህሌ ከአዴ ራቢያ አጠገብ በርከክ ብለው እየለቀሙ በኮታቸው ኪስ ይወስዱ ነበር፤ ሌላ የዝግባ ዘር የሚለቀምበት ቦታ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ የለም። ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ ሁለቱም ስብሰባ አይጠሩም።

በዚያ በሐምሌ መባቻ ከላይ በስልክ ቃል መጣ፤ የአገሪቱን ደንና ዱር፣ አፈርና ውኃ ሁሉ የሚጠብቁት ክቡር ጓድ ሚኒስትር ሐምሌ አሥራ ሁለት እሑድ አሰላ ገብተው በቱሉ ቢርቢርሳ ላይ አንድ ችግኝ በገዛ እጃቸው ይተክላሉ የሚል። አሰላም እንደ ተነካ ቀፎ ሆነች። የአቀባበል ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ከኮሚቴውም የአበባ ንዑስ ኮሚቴ፣ የጭብጨባ ንዑስ ኮሚቴና የጭቃ ንዑስ ኮሚቴ ተወለዱ፤ በሁሉም ላይ ጓድ ፍሰሐ ሊቀ መንበር ሆኖ ተሾመ። እርሱም ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ በዚያ ክረምት ቀዳዳ የሌለው ጥቁር የላስቲክ ቦት ጫማ ያደረገ ብቸኛው የኮሚቴ አባል ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስልክ ከላይ ሲደወል ብድግ ብሎ ቆሞ የሚያነሣ ሰው ነበር እንጂ።

ኮሚቴውም መከረ፤ ሚኒስትር ያለ መድረክ አይናገርም፣ መድረክ ያለ ሳንቃ አይሠራም፣ ሳንቃም በከተማው ጠፍቷል። ያን ጊዜ ፍሰሐ ተነሥቶ እንዲህ ሲል አወጀ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ደን ጠባቂው ሚኒስትር በክብር የሚቆሙበት መድረክ ስላስፈለገ፣ በኮረብታው ላይ ያለችው ዝግባ ቅዳሜ በጠዋት ተቆርጣ ሳንቃ ትሁን። በቦታዋም ሚኒስትሩ ችግኝ ይትከሉበት። አንድ ዛፍ ቆርጠን ሺህ እናበቅላለን!»

ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ አነሣ፤ እኔም በአንድ እጄ አንሥቼ በሌላው ጻፍሁ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሣህሌ ይህን በሰሙ ጊዜ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጭቃቸውን በደጅ ጠርገው ወደ ኮሚቴው ገቡ፤ በማይሰማው ድምፃቸውም ዝግባዋ ከተቆረጠች የሺሁ ችግኝ ዘር ከወዴት እንደሚመጣ ጠየቁ። ዘር በአጀንዳው ውስጥ እንደሌለ ተነገራቸውና ወጡ። ከሰዓት በኋላ በጣቢያው ስሄድ በአጥሩ ሥር ተቀምጠው አየኋቸው፤ አንዲት ቀይ ፍየል አጥሩን ዘልላ ገብታ የጽድ ችግኝ ትግጣለች፣ እርሳቸው አልተነሡም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ነገር አልታየም፤ ነገሩ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ፍየሏን እኔ አባረርኋት፣ በደንብም አልሆነልኝም።

ሐምሌ አሥራ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብዶና ሁሴኖ የሚባሉ ሁለት ጠራቢዎች፣ ጥርሱ የተሳለ የሁለት ሰው መጋዝ ተሸክመው ወደ ኮረብታው ወጡ። ወሩ ረመዳን ነበርና አዴ ራቢያ ጾማቸውን ይዘው ቀድመው ደርሰዋል፤ ያገባች የአርሲ ሴት ከሠርጓ ዕለት ጀምሮ የምትይዛትን ቀጭን በትር፣ ሲንቄያቸውን፣ በዝግባዋ ሥሮች ላይ አጋድመዋታል። ሲንቄ የተጋደመችበትን ቦታ ወንድ አይሻገርም፤ የተሻገረ እንደሆነ እርግማኑ ከብቱንም ልጁንም ይከተለዋል ይባላል። አዴ ራቢያም ከተቀመጡበት ሳይነሡ አወጁ።

«ሂን ሙሪና! አትቁረጡ ብያለሁ። ወላሂ እኔ ጾም ላይ ነኝ፣ ብዙ አታናግሩኝ። ዱላዬ ይኸው፤ እናት የሌለው ወንድ ካለ ይሻገርና ይቁረጥ።»

አብዶም ስለ ሁለቱ ሆኖ መለሰ፤ እርሱም አዋጅ ነው። «እኛ የመጣነው በመጋዝ ልንሠራ ነው እንጂ እርግማን ልንሸከም አይደለም። ሲንቄዋ እስክትነሣ ቁጭ ብለናል።»

ተቀመጡም። ፍሰሐ ሲነገረው ሽቅብ ገስግሶ መጣ፣ ስለ ኋላቀር ልማድ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳ፣ ጣቱን በበትሯ ላይ ቀሰረ፣ እግሩን ግን አላነሣም፤ እናቱ አርሲ ናቸው። በመጨረሻም ብልሃት አገኘ። ማምሻው ላይ አዴ ራቢያ ጾማቸውን ለማፍጠር ወደ ቤታቸው መሄዳቸው አይቀርም፣ ሲሄዱም በትራቸውን ትተው አይሄዱም፤ እንግዲያው ልምምዱ ይቅደም፣ ዝግባዋ ከልምምዱ በኋላ ትቆረጥ፣ ሳንቃው ለጠዋት ይድረስ ብሎ ወሰነ። ሣህሌም ከሩቅ ቆመው ይህን ሰሙ፤ ለዛፏ የቀራት ዕድሜ አዴ ራቢያ እስኪርባቸው ድረስ ብቻ እንደ ሆነ አወቁ።

ልምምድ ያልሁት ምን እንደ ሆነ ልናገር። በዚያ ዘመን ታላቅ ሰው ሳይመጣ በፊት አመጣጡ ይጠና ነበር፤ አንድ ሰው ታላቁን ሰው ሆኖ ይመጣል፣ ይጨበጨብለታል፣ ይናገራል፣ ይሄዳል። በስልኩም የመጣው ቃል ሚኒስትሩ አጠር ሞላ ያሉ ስለሆኑ ማይክራፎኑም የሚቆርጡት ጥብጣብም በልካቸው ዝቅ ይበል ይል ነበር። በአሰላ አጭር ሰው አልጠፋም፣ ሞላ ያለም አልጠፋም፤ በዚያ ዓመት ሁለቱን ባንድነት የያዘ ግን ከዘበኛው በቀር አልተገኘም። ስለዚህ ሣህሌ በሙሉ ድምፅ ሚኒስትር ተባሉ። ጨዋ ካፖርት አስፈልጎ ከኪነት ቡድኑ ተዋሱላቸው፤ እርሱም በድራማ ላይ ኢምፔሪያሊስቱ የሚለብሰው ሲሆን፣ በጀርባው በጠመኔ የተሣለ የዶላር ምልክት ነበረበት፤ ቢራገፍ ቢራገፍ እንቢ አለ።

በዘጠኝ ሰዓትም ሠልፉ ተደረደረ። በስተ ቀኝ የሴቶች ማኅበር ቆመ፣ መፈክር አውራጇ ወይዘሮ ፋናዬ በፊት፤ በስተ ግራ ወጣቶቹ ከአንድ ከበሮና ከሁለት መቺ ጋር፣ መቺዎቹም ተጣልተው ነበር። ቀጥሎ ቀድሞ በጸሎት ቤት የዘመሩ አሁን ስለ እርከን የሚዘምሩ፣ ዜማው ግን ያው የነበረ መዘምራን፤ ቀጥሎ ከየገበሬ ማኅበሩ የመጡ አሥራ ስድስት ፈረሰኞች፤ ቀጥሎ ከቆላ ከኦጎልቾ የመጡ ሰባት ልዑካን፣ በብርድ ምክንያት በአንድ ብርድ ልብስ ውስጥ የገቡ፤ ቀጥሎ ከአርቦዬ የመጡ አራት፣ አምስተኛው መንገድ ላይ ዘመድ አግኝቶ የቀረ፤ በመጨረሻም ከበቆጂ የመጡ ሦስት ሯጮች፣ አለቃቸው ታየች የምትባል ልጅ፣ አውቶቡስ ሞልቶባቸው በእግራቸው ሮጠው ከአውቶቡሱ ቀድመው የደረሱ።

ከዚህ በኋላ ፍሰሐ በልምምዱ ላይ አወጀ፤ ይህን አዋጅ አንባቢ ልብ ይበለው፣ ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና።

«ልምምዱ ከእውነቱ በምንም እንዳይለይ። ባለፈው እንግዳ ጊዜ ቃለ ጉባኤ ሳይያዝ ቀርቶ ተወቅሰናል። ስለዚህ ከሚኒስትሩ አፍ የሚወጣ ቃል ሁሉ ይጻፍ፣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ይጨብጨብ፣ በአቋም መግለጫ ይጽደቅ፣ ማኅተም ይረፍበት፣ ግልባጩም ዛሬውኑ ለየወረዳው ይድረስ። የሚኒስትሩ ንግግር ከላይ ስላልመጣ፣ የሚወክላቸው ሰው ሃያ ደቂቃውን ይሙላ፤ ነገር ቢጠፋበት ቁጥር ይቁጠር።»

እኔም ጻፍሁ። እኔ የታዘዝሁትን የምጽፍ ሰው ነኝ፣ ይህ ሙያዬም ጥፋቴም ነው።

ወእምዝ፣ ማለት ከዚህ በኋላ፣ የሚኒስትሩን ላንድሮቨር የወከለች የፈረስ ጋሪ በኮረብታው ሥር ታየች፤ ባለ ጋሪውም በአፉ ሞተር ሆነ። ታላቁ ሣህሌ በኢምፔሪያሊስቱ ካፖርት ተሞሽረው፣ አውራ ጣታቸው ከፊት እየመራቸው ወረዱ፤ አበባ የወከለች ጥቅል ጎመን ተበረከተላቸው፤ ጥብጣቡን የወከለ ሲባጎ ቆረጡ፤ ማይክራፎኑን በወከለ የመጥረጊያ እንጨት ፊትም ቆሙ። ፍሰሐ በኋላቸው ተቀመጠ፤ የእርሱ ድርሻ ሚኒስትሩ በተናገሩ ቁጥር በአድናቆት ራሱን መነቅነቅ ነበር፤ በዚህ ሥራ በመላው ክፍለ ሀገር የሚደርስበት የለም፤ ሳይሰማ ሁለት ሰዓት ሊነቀንቅ ይችላል።

ሣህሌም እንደታዘዙት መቁጠር ጀመሩ። አንድ አሉ፣ ትንፋሽ ሳቡ፣ ተጨበጨበ። ሁለት አሉ፣ ተጨበጨበ። አርባ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና ዝግባዋን አዩ፤ በሥሯ አዴ ራቢያ ቅላቸውን መሰብሰብ ጀምረዋል፣ አብዶም መጋዙን በዘይት እያሸ ነው። ያን ጊዜ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ለሰው የሚናገሩበት ድምፅ ቀረ፣ ለችግኝ የሚናገሩበት መጣ፣ ከኦጎልቾ ብርድ ልብስ ውስጥ ሰባት ራሶች ብቅ አሉ። እንዲህ ሲሉም አወጁ።

«ቁጥር ከሆነ የማውቀውን ልቁጠር። አምና በዘመቻው ሠላሳ ሺህ ችግኝ ተከልን። የጸደቁት አሥራ አንድ ናቸው። ሦስቱ ምንጩ አጠገብ ናቸው፣ ሰባቱ ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር፣ አንዷ ታማለች።»

ተጨበጨበ። ፍሰሐ ነቀነቀ። ሣህሌም ቀጠሉ።

«እኔ የደንና የዱር፣ የአፈርና የውኃ ሚኒስትር የሆንሁ ለሃያ ደቂቃ፣ ከሃያውም ዘጠኝ የቀረኝ፣ እንዲህ ብዬ አዝዣለሁ። አንደኛ፣ ይህች ዝግባ አትቆረጥም፤ እናት አርዶ ልጅ ማሳደግ የለም። ሁለተኛ፣ እንግዳ የመጣ እንደሆነ፣ ሚኒስትርም ቢሆን፣ በጥላዋ ይቀመጥ እንጂ በሬሳዋ ላይ አይቁም። ሦስተኛ፣ የተተከለ ሁሉ ሳይጸድቅ ጸደቀ ተብሎ አይጻፍ። ሌላ የለኝም።»

ጭብጨባው ከሁሉ በረታ፤ አንዳንዱ ታዞ አጨበጨበ፣ አንዳንዱ ገብቶት አጨበጨበ፣ ከውጭ ሲታይ አይለይም። ወይዘሮ ፋናዬ መፈክር አወረዱ፣ ግራ እጆች ተነሡ፣ የአቋም መግለጫው ጸደቀ። ሣህሌ ዘጠኝ ደቂቃ እያላቸው ወረዱ። ሲወርዱ ቁልቁል ወደ አውራ ጣታቸው ሲያዩ አየኋቸው፤ ብርድ መትቶት እንደ ቀይ ሽንኩርት ሆኗል። በእጃቸው ሥልጣን ነበር፣ ከፊታቸው ሕዝብ ነበር፣ ለራሳቸው አንዲት ቃል ቢጨምሩ የሚከለክላቸው አልነበረም። አልጨመሩም።

እኔ ወዲያው በእርሳስ የያዝሁትን በቀለም ገለበጥሁት፤ የሣህሌን ስምና የሃያውን ደቂቃ ነገር ግን አላስገባሁም፣ ሚኒስትሩ አዝዘዋል ብዬ ብቻ ጻፍሁ፣ ልምምዱ ከእውነቱ በምንም እንዳይለይ ታዝዣለሁና። ከመጨረሻውም አንድ ነገር ጨመርሁ፤ እርሱን በቦታው እናገራለሁ። ከዚያ ከሌሎች ስምንት ወረቀቶች ጋር ለፍሰሐ አቀረብሁት፣ እርሱም እየነቀነቀ ዘጠኙንም ፈረመና ዘጠኙንም በማኅተም መታ። ቶክ፣ ቶክ እያለ ሲመታ ልቤም አብሮ ይመታ ነበር።

አብዶና ሁሴኖ ፊደል ስላልቆጠሩ ምን ይላል አሉኝ፤ አነበብሁላቸው። ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ቀለሙ እርጥብ ነበር፣ መጋዛቸውን በጆንያ ጠቅልለው ተነሡ። አዴ ራቢያም ይህን አይተው ሲንቄያቸውን አነሡ፤ የአርሲን ወንድ በትራቸው ይዞት ነበር፣ ኮሚቴውን ደግሞ ማኅተሙ ያዘው፣ ከእንግዲህ ቢያፈጥሩም አይሰጉም። በሣህሌ አጠገብ ሲያልፉ ቆመው በኦሮምኛ መረቋቸው፤ ሣህሌም በኢምፔሪያሊስቱ ካፖርት ውስጥ እንዳሉ አሜን አሉ።

ፍሰሐ ያጸደቀውን የሰማው ወደ ታች ሲወርድ፣ ዝግባዋ አትቆረጥም ከሚለው ከወይዘሮ ፋናዬ መፈክር ነው። ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ እኔ ሮጦ መጥቶ ቃለ ጉባኤው ይቀደድ ሲል አወጀ። እኔም በትሕትና ያስረዳሁት፣ ሕዝብ በአቋም መግለጫ ያጸደቀውን ለመሻር ሕዝቡን መልሶ መሰብሰብ እንደሚያስፈልግ፣ ሕዝቡም ገበያ ገብቶ እንደ ተበተነ፣ ይልቁንም ግልባጩ በትእዛዙ መሠረት ወደ በቆጂ እየሄደ እንደ ሆነ ነው። ወረቀቱን የያዘችው ሯጯ ታየች ነበረች። ሁለት ፈረሰኞች ተላኩባት፤ በመሸም ጊዜ ፈረሶቹ አረፋ ደፍቀው ብቻቸውን ተመለሱ ማለት ይቻላል፣ ፈረሰኞቹ በእግር ይስቧቸው ነበርና። እርሷን ከሩቅ እንኳ አላዩአትም። ፍሰሐም እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ተቀመጠ፣ ከዚያም ከትምህርት ቤት ዴስክ ይምጣና መድረክ ይሁን አለ።

ሐምሌ አሥራ ሁለት እሑድ፣ በቅዱስ ሚካኤል ቀን፣ እውነተኛው ሚኒስትር በእውነተኛ ላንድሮቨር መጡ። አጠር ሞላ ያሉ፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ፊታቸው የዋህ ሰው ነበሩ፤ በጋሪዋ ከመጡት የከፉ አልነበሩም። ከጭላሎ የወረደ ዝናብ ግን በጥብጣቡ ላይ እንዳሉ ደረሰባቸው፤ ዴስኮቹ ላይ ወጥተው ንግግራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ ወረቀቱ ራሰ፣ ቀለሙ በእጅጌያቸው ወረደ፣ በእጃቸው የቀረው ሰማያዊ ጨርቅ የመሰለ ነገር ነበር። ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ፍሰሐ ነቀነቀ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፣ ፋይሉም በላስቲክ ተሸፍኖ በብብቴ ነበር። አስቤበት ነው ብዬ አልዋሽም፤ እጄ ቀድሞኝ ሄደ።

ሚኒስትሩም መነጽራቸውን ጠርገው አነበቡ። ስለ አሥራ አንዱ ችግኝ አነበቡ፣ ስለ ታመመችዋ ሲደርሱ ድምፃቸው ለስለስ አለ። ዝግባይቱ አትቆረጥም የሚለውን አነበቡ፣ ሁለተኛውንም አነበቡ፣ እንግዳ ሚኒስትርም ቢሆን በጥላዋ ይቀመጥ ሲሉ ግን አቆሙ፤ የቆሙበትን ዴስክ አዩት፣ ይወዛወዛል፤ ዝናቡን አዩት፣ አይቆምም፤ ዝግባዋን አዩዋት፣ ሥሯ ደረቅ ነው። ወርደው ከሥሯ ገቡ። ሕዝቡ፣ ፈረሱ፣ ከበሮው፣ የኦጎልቾው ብርድ ልብስ ሁሉ ተከትሏቸው ገባ፤ አዴ ራቢያ ቅላቸውን ሰብሰብ አድርገው ለሚኒስትሩ ቦታ ለቀቁላቸው። ንባቡም እዚያው ቀጠለ። ሦስተኛውን አነበቡ፣ ከዚያም ሣህሌ ያላሉትን አራተኛውን አነበቡ።

«አራተኛ፣ እነዚህን ችግኞች ለሚጠብቀው ዘበኛ ቀዳዳ የሌለው ቦት ጫማ ዛሬውኑ በሕዝብ ፊት ይሰጠው።»

ተጨበጨበ። ሚኒስትሩ ቀና ብለው ጫማው እስኪቀርብ ጠበቁ። ፍሰሐ በልማዱ ሲነቀንቅ ነበር፣ በአራተኛውም ላይ ነቀነቀ፤ ቀስ በቀስ ግን የሕዝቡ ዓይን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ቁልቁል መሄዱን አየ፣ እርሱም ቁልቁል አየ። በኮረብታው ላይ ቀዳዳ የሌለው ቦት ጫማ አንድ ብቻ ነበር። አብዶ አንዱን ጎተተለት፣ ሁሴኖ ሌላውን ጎተተለት፣ ሣህሌም ከኋላ ሰልፍ ተጠርተው፣ ሚኒስትሩ በገዛ እጃቸው አስረከቧቸው። እስከ ጭናቸው ደረሰባቸው። ፍሰሐ በነጭ ካልሲው በሐምሌ ጭቃ ላይ ቆመ፤ አልተቆጣም፣ አላጉረመረመም፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ በሚኒስትሩ ላይ ያዘ፣ ሣህሌ ጠጋ ሲሉም እርሳቸውንም አስገባቸው። ያን ቀን አከበርሁት፤ በዚህ ዜና መጨረሻ እርሱ ማለቴን ትቼ እርሳቸው ልበላቸው ብዬ ነበር፣ ግን ብራናው አለቀ።

ሚኒስትሩ የተከሏትን ችግኝ ማክሰኞ ቀይዋ ፍየል በላቻት፤ በሦስተኛው አንቀጽ መሠረትም አልጸደቀችም ብዬ ጻፍሁ። ዝግባይቱ ግን ቆመች፣ በጊዜዋም ፍሬዋን አረገፈች፣ ሣህሌም በረጅሙ ቦት ጫማ ተንበርክከው ከአዴ ራቢያ አጠገብ ለቀሙ፤ በተከታዩ ክረምት በጣቢያው አራት መቶ አሥራ ሁለት የዝግባ ችግኝ ቆጠርን፣ ሁለት ጊዜ ቆጠርን።

አራተኛውን አንቀጽ የጻፍሁት እኔ እንደ ሆንሁ አንባቢ ሳይገባው አልቀረም። ሣህሌ ግን አያውቁም። ጫማውን በየማታው ጠርገው በር ላይ ሲያቆሙ ለወይዘሮ ተሻለች አንድ ነገር ያውጃሉ፤ «እኔ ምንም ሳልል፣ ሚኒስትሩ አውራ ጣቴን አይተው አዘኑልኝ። የሚያይ ሰው አለ።» ሦስት ጊዜ ልነግራቸው ሄድሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ ወተት ጠጥቼ ተመለስሁ።

ስለዚህ ትውልድ ሁሉ ያመስግናቸው፤ ዐቃቤ ችግኝ፣ መዋዔ አጣሊ፣ ሰዳዴ አእዱግ፣ ሚኒስትር ዘሃያ ደቂቃ፣ ከሃያውም ዘጠኙን ለመንግሥት የመለሱ ታላቁ ሣህሌ፤ ስማቸው እንደ ዝግባ ይጠንክር፣ ዘራቸው እንደ ዝግባ ፍሬ ይብዛ፣ እግራቸው አይርጠብ። ጸሐፊውም ኃይለየሱስ ነኝ፤ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሁሉ ስለ አራተኛው አንቀጽ ዝም ይበልልኝ።